የዘጠነኛ ክፍል ድካምና የዩኒቨርሲቲ በር

(በጎረቤላ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በጎረቤላና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ የታወቀ ጉዞ ይታያል። አንደኛ ደረጃን በሰፈሩ የፈጸመ የገበሬ ልጅ የሳምንት ስንቁን ቋጥሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወይም ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ይመጣል። ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ይከራያል። እንጨቱን ራሱ ይለቅማል፤ ወጡን ራሱ ይሠራል፤ ዐርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ወላጆቹ ሄዶ እሑድ ይመለሳል። ዕድሜው አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆን ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲፈጸምም በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ከሰባና ከሰማንያ ተማሪዎች መካከል አርባኛ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በፊዚክስ ያገኘው ውጤት ከግማሽ በታች ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ተማሪ ነው። ዘጠነኛንና አሥረኛን ክፍል በድካም ያሳለፈ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲፈጽም አመልካች ከሚበዛባቸውና ከሚመርጡ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በር ለመድረስ ይችላልን? ቢችልስ በምን መንገድ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የድካሙን ምንጭ፣ ቀጥሎ የበሩን ጠባይ፣ በመጨረሻም የመነሻውን ሥርዐት በየተራ መመልከት ያስፈልጋል። አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉና።

የድካሙ ምንጭ

ደካማ ጅማሬ ያለው ተማሪ ብዙውን ጊዜ «ሰነፍ» የሚል ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ለተናጋሪው ድካሙን ይቀንስለታል፤ ምክንያቱን ከመመርመር ያሳርፈዋልና። ነገሩ በቅርብ ሲታይ ግን ስንፍና ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ዋነኛው ሆኖ አይገኝም።

የመጀመሪያው ምንጭ ቋንቋ ነው። በአንደኛ ደረጃ ነገሩን በአማርኛ ሲረዳ የቆየው ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም፣ ሥነ ሕይወቱንም፣ ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ ቋንቋ በተጻፈ መጽሐፍ ይማራል። ስለ ሥርና ስለ ቅጠል፣ ስለ አፈርና ስለ ዝናብ ከመምህሩ የማይተናነስ ዕውቀት ያለው የገበሬ ልጅ፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው ብቻ መልሱን ሳይጽፍ ይቀራል። የሥነ ሕይወት ፈተና ወረቀቱ ላይ የተመዘገበው ዝቅተኛ ቁጥር እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚለካው የእንግሊዝኛ ችሎታውን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ በታችኛው ክፍል የቀረ ጉድለት ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክልሎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። እንዲህ ያለው ጉድለት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። ክፍልፋይን በሚገባ ያልተማረ ልጅ በዘጠነኛ ክፍል የአልጀብራን ስሌት ሲያይ የሚያስቸግረው አልጀብራው ሳይሆን ከአራት ዓመት በፊት ያለፈው ክፍልፋይ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ኑሮ ነው። ከወላጅ ርቆ በኪራይ ቤት የሚያድር ልጅ ለጥናት የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። ሴት ተማሪ ስትሆን ደግሞ የመንገዱ ሥጋት፣ የቤት ሥራው ጫናና የጋብቻው ጥያቄ ይጨመርባታል። በመኸር ወራት የቤተሰቡ እጅ ሲያጥር ለገብስና ለባቄላ አጨዳ ከትምህርት የሚቀረውም ይኸው ልጅ ነው።

አራተኛው የተሰበረ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በመደበኛው ጊዜ የተቀመጠ ተማሪ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ ሰሜን ሸዋ ሲደርስና ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ስትሞላ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። በዚያው ዓመት ለአዝመራ ስብሰባ ሲባል የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው እንደ ነበር ይታወሳል። በክረምት 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲፈነዳ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል ለመግባት በዝግጅት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን እንደ ዘጉ ቆይተዋል። የዚህን ልጅ ደካማ ጅማሬ ስንፍና ብሎ መጥራት፣ በጎርፍ የተወሰደን ማሳ ገበሬው አላረመውም ብሎ እንደ መውቀስ ይቈጠራል።

የበሩ ጠባይ

የከፍተኛ ትምህርት በር በኢትዮጵያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የሚቀበላቸው ተማሪዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የአገሪቱ ወጣት ሁሉ ዕድሉን የሚጠብቅበት ሚዛን ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በሁለት ከፈለው። በዚህም መሠረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር። ያን ፈተና በበቂ ውጤት ያላለፈ ተማሪ ወደ መሰናዶ አይገባም፤ ዕጣው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወይም ሥራ ፍለጋ ነበር።

በዚያ ሥርዐት የዘጠነኛ ክፍል ድካም ቅጣቱ ፈጣን ነበር። ልጁ ለመነሣት የነበረው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ዘግይተው የሚነቁ ብዙ ልጆች በዚያ በር ላይ ቀርተዋል። ይሁን እንጂ ያ ፈተና አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ደወል መሆኑ ነው። አሁን ያ ደወል የለም። ዘጠነኛን ክፍል የጀመረ ተማሪ አሥራ ሁለተኛን እስኪፈጽም ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመዝነው የለም። ለመነሣት አራት ዓመት ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን መውደቁን የሚነግረው ካላገኘ አራቱም ዓመታት በዝምታ ያልፋሉ።

ደወሉ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው በር ጠበበ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ቀድሞ በፈተና መሰረቅና በኩረጃ ምክንያት የደረሰውን ጉዳት ለማስቀረት ተብሎ፣ ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰባስበው እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም ከመቶ ሃምሳ ሆነ። ለፈተናው ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሆኑት አሁንም ከበሩ ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው።

ከሃምሳ በላይ ማግኘትም ለሁሉም ተቋም አይበቃም። የአዲስ አበባና የአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በራሳቸው መግቢያ ፈተና ሲመርጡ ቆይተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። በእነዚህ ተቋማት ሕክምናን ወይም ምሕንድስናን ለመማር የሚሻ ልጅ እንግዲህ ሁለት በሮች ይጠብቁታል።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያውን በር ከሌላው አገር ጋራ ማነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ ስመ ጥር ኮሌጆች የአመልካቹን የአራት ዓመት የውጤት መዝገብ አንድ በአንድ ያነብባሉ። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገበ ዝቅተኛ ነጥብ እስከ መጨረሻው ከልጁ ጋራ ይኖራል። ሆኖም መርማሪዎቹ ከድምሩ ሌላ የመንገዱን አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ የመጣን ልጅ በደግ ዓይን ያዩታል። የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ የሚያሰላው አማካይ ነጥብ የዘጠነኛ ክፍልን ውጤት አይጨምርም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ በጥሩ ውጤት ወደ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም በዚያ አገር የተለመደ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የውጤት ካርድ በምደባው ጊዜ ልጁን አይከስሰውም። ፈተናው ግን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ይጠይቃል። ካርዱ ይቅር ይላል፤ የፈተናው ወረቀት ግን ይቅር አይልም። በዘጠነኛ ክፍል ያልገባው የፊዚክስ ምዕራፍ ከሦስት ዓመት በኋላ በጥያቄ መልክ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ደካማ ጅማሬን «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ መተው አይቻልም፤ «ከእንግዲህ አይመለስም» ብሎ ተስፋ መቍረጥም ስሕተት ነው። ያመለጠው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን ይገበያል። በውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለመወዳደር የሚያስብ ተማሪ ብቻ ካርዱም እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የሚዛኑ አከፋፈል

መነሻ ለሚፈልግ ተማሪ የፈተናውን አከፋፈል ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ፈተናው ስድስት ትምህርቶች ያሉት ሲሆን ድምሩ ከ600 ይታሰባል። ለተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ናቸው። ለማኅበራዊ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ በስም ለሁለቱም ወገን አንድ ናቸው፤ የድምሩም እኩሌታ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ያርፋል።

እነዚህ ሦስቱ ከሁሉ ይልቅ በማንበብና በማስላት ችሎታ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለምሳሌ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በፊዚክስ 38፣ በኬሚስትሪ 42፣ በባዮሎጂ 52 ቢያገኝ ድምሩ 132 ይሆናል። ወደ 300 ለመድረስ 168 ይቀረዋል፤ ይህም በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአፕቲትዩድ በአማካይ 56 ማግኘት ማለት ነው። በሁለት የሳይንስ ትምህርቶች ከግማሽ በታች የቀረ ልጅ እንኳ በቋንቋና በስሌት ከበረታ የመጀመሪያውን በር ሊያልፍ ይችላል። በቋንቋና በስሌት የደከመ ግን ስድስቱም ይደክሙበታል፤ የሳይንሱም ጥያቄ የሚነበበው በዚያው ቋንቋ፣ የሚሰላውም በዚያው ሒሳብ ነውና።

ከዚህ አንድ የተለመደ ስሕተት ይገለጣል። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስቸገራቸው ብዙ ተማሪዎች በአሥራ አንደኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስን የሚመርጡት ከሒሳብ ለመሸሽ ነው። ሒሳብ ግን በዚያም ይጠብቃቸዋል፤ ከድምሩም የያዘው ድርሻ ያው ነው። ምርጫው በዝንባሌ መሆን ሲገባው በሽሽት ሲሆን ልጁ ዝንባሌውንም ያጣል፣ ሒሳቡንም አያመልጥም።

የመነሻው ሥርዐት

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘግይቶ መንቃት እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር። ቅኔ ያልገባው ተማሪ መምህር ለውጦ፣ ስንቁንና አኩፋዳውን ይዞ ወደ ሌላ ደብር ይሄድ ነበር እንጂ «ዕድሜህ አልፏል» የሚለው አልነበረም። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊትም ይህንኑ ያጠናክራል። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የነበረው ሕፃን ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩን የአባ ጌዴዎንን ቅጣት ሸሽቶ ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ሲሞክር ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ከላይ ሲደርስ ተመለከተ፤ ተመልሶም ይቅርታ ጠይቆ ትምህርቱን ቀጠለ ይባላል። ይህን ታሪክ የማያውቅ መምህር የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ግን ስለ ትሉ ትዕግሥት ብቻ ነው። ሕፃኑ ሲመለስ መምህሩ በሩን ከፍቶ መቀበሉና እንደገና ከመጀመሪያው ማስተማሩ እኩል ሊነገር ይገባዋል። ተማሪው ቢነሣም መልሶ የሚቀበለው ከሌለ መነሣቱ ብቻውን አይበቃውም።

የመነሻው ሥርዐት የመጀመሪያ እርምጃ ምርመራ ነው። የዘጠነኛ ክፍል መምህር ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ከመሄዱ በፊት፣ በመስከረም ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ፣ ተማሪዎቹ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩት ምን እንደ ያዙ በአጭር ጽሑፍ ፈተና ቢመለከት የጠፋ የሚመስለው ጊዜ በኋላ በእጥፍ ይመለስለታል። የዚህ ዓይነቱ ፈተና ነጥብ በካርድ ላይ አይገባም። ውጤቱ የሚያገለግለው ማን ከየት መነሣት እንዳለበት ለማወቅ ብቻ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም በ1968 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ፣ አብዛኛው ተማሪ በቂ ጊዜና በጊዜው የተሰጠ እርማት ካገኘ ትምህርቱን በሚገባ ለመያዝ እንደሚችል አስረድቷል። በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ደግሞ ልጆችን በቀኑ ከፊል ሰዓት በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚችሉት መጠን መድቦ ንባብና ስሌት በማስተማር ወደ ኋላ የቀሩትን ለመመለስ ችሏል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ካለበት ቦታ ጀምሮ ማስተማር ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ወደ ታች መውረድን አለማፈር ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሰባተኛን ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ይዞ ሲታይ ጓደኞቹ ይስቁበት ይሆናል። ነገር ግን ክፍልፋይን፣ መቶኛንና አሉታዊ ቁጥርን በሁለት ወር አጥርቶ የያዘ ተማሪ በአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ዓመት ሙሉ ከሚንገላታው ይቀድማል። በእንግሊዝኛም እንዲሁ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ቀላል መጽሐፍ ማንበብና ከየትምህርቱ ዐሥር ዐሥር ቃል በደብተር መያዝ፣ የሰዋስው ሕግን በቃል ከማጥናት ይበልጣል። በቀን ዐሥር ቃል የያዘ ልጅ የዓመቱን ትምህርት በሚፈጽምበት ጊዜ፣ እኩሌታውን እንኳ ቢረሳ፣ ከዘጠኝ መቶ የማያንስ አዲስ ቃል ይተርፈዋል።

ሦስተኛው የጊዜ አጠቃቀም ነው። ከዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጀመሪያ ድረስ ሦስት ክረምቶች አሉ። የገበሬ ልጅ በክረምት ከእርሻ ሥራ ነጻ አይሆንም፤ በዚህ በደጋው ብርድና ጭጋግም በሌሊት ማጥናት ቀላል አይደለም። ቢሆንም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢገኝ፣ በስምንት ሳምንት ክረምት 48 ሰዓት ይሆናል። በሦስቱ ክረምቶች 144 ሰዓት ማለት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ለንባብና ለስሌት፣ ሁለተኛው ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ያልተያዙ ምዕራፎች፣ ሦስተኛው ለአሥራ አንደኛ ክፍል ክለሳ ቢመደብ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚገባው ተማሪ የአራት ዓመት ዕዳ ተሸክሞ አይገባም።

አራተኛው የቀድሞ ፈተናዎችን በአግባቡ መጠቀም ነው። የቀድሞ ፈተናን መልስ በቃል ማጥናት ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንም አንድ ወረቀት ሠርቶ የተሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ «ይህ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» ብሎ መመዝገብ ጉድለቱን በግልጽ ያሳያል። ከሦስት ወረቀት በኋላ ተማሪው የራሱን የድካም ካርታ በእጁ ያገኛል።

በዚህ አኳኋን የተጋ ተማሪም ቢሆን በመጀመሪያው ሙከራ ላይሳካለት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከማለፊያው በታች ቢሆኑም የተሻለ ነጥብ ላገኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በአራት ወር ያህል ትምህርት ተፈትነው ሃምሳ በመቶ ያመጡት አንደኛ ዓመትን ለመጀመር ችለዋል። ይህ መልካም መሰላል ነው፤ ነገር ግን በአራት ዓመት ያልተሠራው በአራት ወር ይሠራል ብሎ በእርሱ መመካት አይገባም። እድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ገጠር የሄደው ትውልድ፣ እንዲሁም በማታ ትምህርት ቤቶች በቀን እየሠራ የተማረው ሕዝብ ያስተማሩት አንድ ቁም ነገር አለ። የተቋረጠ ትምህርት ሊቀጠል ይችላል፤ የሚቀጠለው ግን ተማሪው የት ላይ እንዳቋረጠ ሲያውቅ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

አንዳንድ ሰዎች «ሁሉም ዩኒቨርሲቲ መግባት የለበትም፤ የደከመው ወደ ሙያ ሥልጠና ይሂድ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አናጢነትን፣ ኤሌክትሪክን፣ ማሽን ማደስን የወዳቂ መጠለያ አድርጎ ሙያውን ያዋርዳል። ልጁንም ያልመረጠውን እንዲይዝ ያስገድደዋል። ደግሞም ክፍልፋይ የማያውቅ ልጅ ጥሩ አናጢም አይወጣውም። መሠረቱን ማስተካከል ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም መንገድ የሚያስፈልግ ነው።

አንድም ተማሪ ባላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ላይ ብዙ ተነግሯል፤ «በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል»። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት መምህራን የመማሪያ መጽሐፍ ሳይደርሳቸው፣ ቤተ ሙከራ ሳይኖራቸው፣ ደመወዛቸው ከኑሮው ጋራ ሳይመጣጠን፣ በአንዳንድ ቦታም በሕይወታቸው ላይ ሥጋት እያለ የሚያስተምሩ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ከመምህሩ እጅ ያልወጡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛው እውነተኛ ነጥብ መስጠት ነው። ለልጁ በማዘን ወይም ወላጅ እንዳይከፋ በመፍራት የተጨመረ ነጥብ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈነዳ ዕዳ ነው። ካርዱ 75 የሚል፣ አገር አቀፉ ፈተና ግን 28 የሚል ልጅ የተበደለው በፈተናው ቀን አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኩረጃን አይቶ ማለፍም እንዲሁ ነው። ከጓደኛው ቀድቶ ያለፈ ተማሪ ድካሙ ከመምህሩም ከራሱም ስለ ተሰወረ የሚረዳው አያገኝም።

ሁለተኛው እውነቱን ከተስፋ ጋራ መናገር ነው። «ወድቀሃል» ብሎ ማቆም ልጁን ይሰብረዋል፤ «አይዞህ» ብሎ ማቆም ደግሞ ያታልለዋል። «በዚህ፣ በዚህና በዚህ ደክመሃል፤ እስከ ገና ይህን፣ እስከ ፋሲካ ያን ብትይዝ ትደርሳለህ» የሚለው ቃል ግን ልጁን ያነሣዋል። ወላጆችም ለበዓል ወይም ለገበያ ወደ ከተማ በሚመጡበት ቀን ቢጠሩና ቢነገራቸው፣ ፊደል ባይቈጥሩ እንኳ፣ ለልጃቸው በሳምንት የሁለት ቀን ጊዜ ለመልቀቅ የሚያቅማሙ ጥቂቶች ናቸው። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ ነውና።

ሦስተኛው ታላላቆቹን ከታናናሾቹ ጋራ ማገናኘት ነው። በአንድ የኪራይ ቤት የሚያድሩ የአሥራ አንደኛና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በማታ አንድ ሰዓት አብረው ቢያጠኑ፣ ታናሹ መምህር ያገኛል፤ ታላቁም የዘጠነኛን ክፍል ትምህርት ይከልሳል። ያ ትምህርት በፈተናው እንደሚጠየቅ ቀደም ሲል ተወስቷልና ሁለቱም አትራፊዎች ናቸው። ይህ በጀት የማይጠይቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት የተወረሰ ሥርዐት ነው።

አራተኛው ለሴት ተማሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ ነው። ሴት ልጅ በዘጠነኛ ክፍል ዝቅተኛ ውጤት ስታመጣ የሚጠብቃት ፈተና ከወንዱ የተለየ ነው። ለወንዱ አንድ ዓመት ይታገሡታል። እርሷን ግን ያ አንድ ካርድ ከትምህርት አስወጥቶ ለባል ለመስጠት፣ ወይም ወደ ዐረብ አገር ለመላክ ምክንያት ይሆንባታል። ስለ እርሷ ውጤት ከወላጆቿ ጋራ የሚነጋገር መምህር ስለ አንድ ካርድ ሳይሆን ስለ አንድ ሕይወት እየተነጋገረ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

አንኮበር በአንድ ወቅት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው አዲስ አበባ ሲሄድ ሹሙም ነጋዴውም ሊቁም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ደጋ ልጆች ዕድላቸውን የሚሹት በጉዞ ሆኗል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ደብረ ብርሃን ከሚገኘው፣ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ሰኞ ማለዳ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ አልፈው በረሓ አቋርጠው ወደ ሰው አገር ይሄዳሉ።

በእነዚህ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚወሰነው በፈተናው ሳምንት አይደለም። የሚወሰነው በዘጠነኛ ክፍል፣ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት፣ አርባኛ የወጣው ልጅ ካርዱን አጥፎ በኪሱ ሲከትት ነው። በዚያች ቀን አንድ መምህር ጠርቶ የቱ ጋ እንደ ደከመና ከየት እንደሚጀምር ከነገረው፣ ከፊቱ ሦስት ክረምትና ከሦስት ዓመት የበለጠ ጊዜ አለው። ያም ጊዜ ይበቃዋል። ማንም ካልጠራው ግን ያው ጊዜ ያልቅበታል።

መጪው መስከረም ሲጠባ የሚመጡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስንቃቸውን ከወዲሁ እያሰናዱ ናቸው። የምርመራውን ፈተና ከወዲሁ ማሰናዳት ደግሞ የመምህራኑ ተግባር ነው።